ደብረ ማርቆስን ያየሁባቸው ሦስት ቀናት

የናፍጣ ሽታ ደስ ይለኛል ስል ልጆቼ ይስቁብኛል። ትናንትም አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ በራችን ላይ ቆሞ ቤቱን በጭስ ሲሞላው፣ ምራቴ መስኮት ልትዘጋ ስትሮጥ «ተይው» አልኳት። ሽታው የሚወስደኝ ቦታ አለ። ጠላት አገር ይዞ በነበረበት ዘመን፣ አዲስ ሙሽራ ሆኜ፣ ከባሌ ጋር ደብረ ማርቆስን ወዳየሁበት ጊዜ ይወስደኛል።

መንደራችን ከአማኑኤል የአንድ ቀን መንገድ ወደ ውስጥ የገባ ነው። ከተዳርኩ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። ባሌ ድንገት ከተማ ላሳይሽ ሲለኝ አማቴ ሥራዋን አቁማ አየችው። በዚያ ዘመን ሚስቴን ከተማ ላሳይ ብሎ የሚነሳ ገበሬ አልነበረማ። እኔ ግን ጥያቄም አልመጣብኝ፤ ደስታው እንቅልፍ ነሳኝ። ያኔ «አንቱ» ነበር የምለው፤ ቀና ብዬም አላየውም። ዛሬ እኔ አርጅቼ እሱ እዚያው ሃያ ምናምን ዓመቱ ላይ ቀርቷል። የልጅ ልጄ እኩያ ሆኖብኝ «እሱ» ብዬ ብጠራው የሚቆጣኝ የለም።

ሁለት ቀን ተጉዘን ኬላው ላይ ስንደርስ ኬላውን ለጣልያን የሚጠብቀው ባንዳ ምን ልታደርጉ መጣችሁ አለን። ባሌ ሚስቱን ከተማ ሊያሳይ እንደመጣ ነገረው። ባንዳው ወደኔ ዞር አለ፤ እኔ የቆርቆሮ ጣራዎቹ ፀሐይ ላይ ሲያብለጨልጩ አፌን ከፍቼ አፍጥጫለሁ። ስቆ የሦስት ቀን የይለፍ ወረቀት ሰጠንና የባሌ አክስት ቤት አረፍን።

ካሚዮን የሚሉትን የጭነት መኪና መጀመሪያ ሳይ የሚበላውን ሣር ፈለግሁ። ቆሞ ያጉረመርማል፣ ከኋላው ጭስ ይተፋል፤ ሽታው አፍንጫዬን ሰንጥቆ ገባ። ጠጋ ብዬ ደገምኩት። ባሌ ቀስ ብለሽ እይው፣ ማንም አያባርርሽም አለኝ። አንድ ሱቅ ደጃፍ ቀይ ግምጃ አይቼ ልዳስስ እጄን ስሰድ ጣቶቼ ከመስታወት ጋር ተጋጩ፤ ውሃ ቀጥ ብሎ የቆመ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሲመሽ ደግሞ በጣልያኑ ግቢ ዙሪያ በየምሰሶው የተሰቀለው አምፖል ባንድ ጊዜ ቦግ አለ። በእኛ ቤት መብራት ሲበራ ሰው እንደምን አመሸህ ይባባላል። እኔም ጎንበስ ብዬ መንገድ ሙሉውን ሕዝብ «እንደምን አመሻችሁ» አልኩት። አንድ አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ እስኪያስለው ሳቀ። ባሌ ግን አልሳቀም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ለብቻው መለሰልኝ። የወደድኩት ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ማርቆስን ተሳልመን ስንመለስ በጣልያኑ ጦር ሰፈር በኩል ዞርን። ከሰዓትም በዚያው። «አልጠገብሽም ብዬ ነው» ይለኛል። እውነትም አልጠገብኩም። ያየሁትን ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት በልቤ አሰናዳ ነበር፤ ምን ከምን ቀጥሎ እንደቆመ ሳይቀር። እሱ ከጎኔ ቆሞ የጋቢውን ዘርፍ ይቋጥራል። ሞፈር የለመደ እጅ ሥራ ሲፈታ እንዲህ ያደርገዋል ብዬ ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ልንነሳ ስንል፣ አክስቱ እንጨት እንዲፈልጥላት ጠየቀችውና ጋቢውን አውልቆ ጓሮ ዞረ። ዘርፉን ባየው ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኗል። ሙሽራ ባሏን እንዲህ አስለብሳ አገሯ ብትገባ፣ ሙያ የላትም ተብላ ነው የምትታማው። በጥፍሬም በጥርሴም አንድ በአንድ ፈታሁት። በውሃ ረጠብ አድርጌ አበጠርኩና አጥፌ ሰጠሁት። ምስጋና ነበር የጠበቅሁት።

ዘርፉን ዳሰሰና መሬት ላይ ቁጭ አለ። አልተቆጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። በግራ በኩል የቋጠራቸው ካሚዮኖቹ፣ በቀኝ በኩል መትረየሶቹ፣ ጠንከር ብለው የታሰሩት ቋጠሮዎች መድፎቹ ነበሩ። የላኩት ሰፈሩን ሊወጉ ያሰቡ፣ ጫካ ያሉ አርበኞች ናቸው። ቋጠሮውን ተማምኖ በቃሉ አልያዘውም፤ ቢሞክርም ተምታታበት። የይለፍ ወረቀታችን የሚያበቃው ያን ቀን ነው፤ እንደገና ሰፈሩን ሲዞር ቢያዩት ይሰቅሉታል። ባዶ እጁን ቢመለስ ደግሞ ጓደኞቹ በግምት ገብተው ማለቃቸው ነው።

«እኔ አውቀዋለሁ» አልኩት። ከዚያ ቀን በፊት ይህን ያህል አውርቼው አላውቅም። «ከሾላው ሥር ካሚዮኖቹ ሰባት ናቸው፤ አንዱ ጎማ የለውም። ጨርቅ የለበሱት ሁለቱ ከበሩ በስተግራ ናቸው፤ አፋቸውን ወደ ወንዙ አዙረዋል። ባለ ሦስት እግሮቹ አራት ናቸው፣ ሁሉም ጣራ ጣራ ላይ። በመጨረሻው ጣራ ግን ሰው የለም፤ ሁለቴም ስናልፍ አልነበረም።»

እያየኝ እንደገና መቋጠር ጀመረ። እኔ ግን «እኔን ያመጡኝ ለዚህ ነው?» አልኩት።

«ለዚህ ነው» አለ። «ብቻውን የሚዞር ወንድ ይጠረጠራል። ሚስት ያስከተለ ግን ባላገር ነው ተብሎ ይታለፋል።»

ከፋኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት። እጁን ከጋቢው አነሳና፣ «ሁለት ጊዜ ቁጥር ጠፍቶብኝ ነበር» አለኝ፤ «ስትደነቂ አንቺን ሳይ።» ወንድ ልጅ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሁለተኛው ባሌ፣ የልጆቼ አባት፣ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር፤ ከእሱም አልሰማሁም።

መንደራችን ጥግ አድርሶኝ ወደ ጫካው ወረደ። ወር ሳይሞላ ወሬው መጣ። ሊነጋጋ ሲል ገብተው ካሚዮኖቹን አቃጥለዋል፣ መትረየስ ማርከዋል። የገቡት ሰው በሌለበት ጣራ በኩል ነበር፤ ያን ቀን ግን ሰው ነበረበት። ፊት የቀደመው ባሌ እዚያው ቀረ። ወሬውን ያመጡት ሰዎች እሱ ባይኖር ሁላችንም አልቀን ነበር አሉኝ። ቁጥሩ ከማን አፍ እንደወጣ አልነገራቸውም፤ እኔም አልነገርኳቸው።

ለንስሐ አባቴ ብቻ ነገርኳቸው። ስንቱን ነፍስ አትርፈሻል አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ግን አንዳንድ ቀን ያ የአክስቱ ደጅ ይመጣብኛል። ከተማ አይቼ የማላውቅ ሙሽራ ነበርኩ፤ «አላስተዋልኩም» ብዬው ቢሆን ኖሮ ያምነኝ ነበር።