አባቴ አማርኛውን ሲረሳ

እኔ ያደግሁት ደሴ እናቴ ዘንድ ነው። አባቴ ከሚሴ ስለሚኖር የምንገናኘው ዒድ ሲደርስ ብቻ ነበር። ከጨፋ ሮቢት ማሽላ እየገዛ ባቲ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ አማርኛን የለመደው ጎልምሶ፣ ገበያ ላይ ነው። እኔን ግን የሚያናግረኝ በዚሁ በገበያ አማርኛው ነበር፤ ኦሮምኛ አላስተማረኝም።

እናቴ ከሞተች በኋላ የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ከሚሴ ተመደብኩና እሱ ቤት ገባሁ። ብዙም ሳንቆይ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የትናንቱን፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን ስም፣ በኋላም አማርኛውን። አንድ ጠዋት ሻይ ሳቀርብለት ትክ ብሎ አየኝና «አቲ ኤኙ?» አለኝ። ማነሽ ማለቱ እንደሆነ አላጣሁትም።

«ልጅህ ነኝ አባዬ» አልኩት። አልገባውም።

በዚያው ሰሞን የማስተምረው ስለ ነርቭ ሴሎች ነበር። ሰሌዳው ላይ ሁለት ሴሎች ስዬ፣ ትዝታ አንድ ሴል ውስጥ ተቆልፎ እንደማይቀመጥ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ሴሎቹ መልእክት የሚቀባበሉባት ጠባብ ቦታ አለች፤ ደጋግመን ባስታወስን ቁጥር እዚያ ያለው ግንኙነት ይጠነክራል።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ግንኙነቱ ሲበጠስ ትዝታው የት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም። ትዝታው ራሱ ግንኙነቱ ነው» አልኳትና ፊቴን ወደ ሰሌዳው መለስኩ።

ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት አሮጊት የአባቴን ነገር ስነግራቸው፣ «በልጅነቱ አፉን የፈታበት ነው የቀረለት። እሱ ካልመጣልሽ አንቺ ሂጂለት» አሉኝ። ከትምህርት ቤት መልስ እሳቸው ዘንድ እየተቀመጥኩ ኦሮምኛ ተማርኩ።

ክረምቱ ሲገባ፣ በረንዳ ላይ አጠገቡ ተቀምጬ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ «ልጅ አለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አለችኝ፤ ደሴ ናት። ቋንቋዬን አታውቅም። የምነግራት ብዙ ነበር፤ በአማርኛ አልወጣልኝ ብሎ ሆዴ ውስጥ ቀረ።»

«እስቲ ለእኔ ንገረኝ።»

«ላንቺ?» አለና ሳቀ። «አንቺማ የሰው ልጅ ነሽ። እሷ ኢንሻአላህ ትመጣለች።»

እጁን ያዝኩት። አልከለከለኝም፤ ዝናቡን ያይ ጀመር።

በቀጣዩ ዓመት ሞተ። ለቅሶ የመጡት በኦሮምኛ ሲያጽናኑኝ ሁሉንም ሰማሁ፤ መለስኩላቸውም። ሰው ከተበተነ በኋላ ግን፣ ከሥራ ስገባ እንዴት ዋልክ ልል «አከም…» ብዬ እጀምርና በረንዳው ባዶ መሆኑን አያለሁ።