ለእናቴ የምትሆን ካውያ

በካውያ ፋብሪካው የፍተሻ ክፍል ውስጥ እንደ አዛውንቱ ፈታሽ አሳምሮ የሚለጥፍ የለም። «ከኤሌክትሪክ አደጋ ነፃ መሆኑ ተፈትሿል» የሚለውን አረንጓዴ ወረቀት በየካውያው ላይ ዝንፍ ሳያደርግ ያሳርፍና እንደ ሕፃን ግንባር በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል። መፈተሻ መሣሪያው ግን ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። የራሱ ሸሚዝ እንዲያ ቀጥ የሚለው በከሰል ካውያ ተተኩሶ ነው እያሉ ባልደረቦቹ ያሙታል።

አንድ ቀን ካውያዎቹን በካርቶን የምታሽገው ወጣት፣ «ጋሼ፣ ለእናቴ የምትሆን ካውያ ይምረጡልኝ፤ ልገዛላት ነው» አለችው።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ መሣሪያውን ጎትቶ አቧራውን እፍ አለበትና አንዱን ካውያ ሰካ። ቀይ በራ፤ ብረቱ ሰው ይነዝራል ማለት ነው። ሁለተኛውም ቀይ ሆነ። በሦስተኛው አረንጓዴ ሲበራ እፎይ አለ።

«ይቺን ውሰጂላት። ከምርቃቷ ለእኔም ይድረሰኝ።»

«የቀሩትስ?»

«የቀሩትን የሚገዟቸው የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ ልጄ» አለ፤ ቀይ ያበሩትን ሁለቱን ወደ ክምሩ እየመለሰ።

አሻጊዋ ጠዋት ያሸገቻቸውን ካርቶኖች መቅደድ ጀመረች።

«ኧረ ተይ!» ብሎ በድንጋጤ ተነሣ፤ «ካርቶኑ ይበላሻል!»