ዕቃ ቤት የታሰሩት የገና ዱላዎች

ባለፈው መጋቢት፣ እዚሁ ቡሬ፣ በቆሎዬን የማሳድርበት መጋዘን ጠብቦኝ ሳማርር የሰማ፣ የቀድሞ ትምህርት ቤቴ የአሁኑ ዲሬክተር ደወለልኝና፣ ሥራ የፈታ ዕቃ ቤት አለንና መጥተው ይዩት አለኝ። ሥራ የፈታው የስፖርት ዕቃ ቤቱ ነው። ቁልፉ ዝጎ አልከፈት ብሎ ዘበኛው በድንጋይ ቀጥቅጦ ሲከፍተው የአይጥ ኩስ፣ የኖራና የደረቀ እንጨት ሽታ ፊቴን መታኝ። የእህል ነጋዴ አፍንጫ ቀድሞ የሚፈልገው እርጥበትን ነው፤ ነቀዝ የሚጠራው እሱ ነዋ። ያን ቀን ግን አፍንጫዬ ሥራውን ረስቶ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ጥጉ ላይ ጫፋቸው የቆለመመ ሃያ ያህል የገና ዱላዎች በጠፍር ታስረው ቆመዋል። ማን እንዳሰራቸው አውቃለሁ። በማን የተነሳ እንደታሰሩ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ከደምበጫ የመጣ አለልኝ የሚባል ቀጭን ወጣት መምህር ነበረን፤ ስፖርትም፣ ሥዕልም፣ መዝሙርም የሚያስተምረን እሱው። ትምህርት ቤቱ የነበረው አንድ ኳስ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የያኔው ዲሬክተር ቢሮ መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይገለጥ ነበር። መምህር አለልኝ ኳሱን ለምኖ ለምኖ ሲሰለቸው፣ ለገና የተጫወታችሁበትን ዱላና እሩር አምጡ አለን። እሩር ያው ከእንጨት ተድቦልቡሎ የሚሠራው ኳስ ነው። ከዚያ ወዲያ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሜዳውን በኖራ አስምረን እንራወጣለን፤ ሲደክመን ከሰል ይዘን ከመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ፊት እንቆማለን። አንድ ቀን አጥሩ ሥር የቆመችውን አህያ ሳሉ ብሎን ሳልን፤ ዞሮ ዞሮ አየና፣ አህያ ስላችኋል፣ ያችን አህያ ግን አንዳችሁም አላያችኋትም ብሎ አስደመሰሰን። ገና ስንጫወትም ምክሩ አንድ ነበር፦ ዱላውን ተዉት፣ የሰውየውን ትከሻ እዩ። ዛሬ ገበሬው ጆንያውን ጭኖ ወደ ቤቱ ሊመለስ መሆኑን ወይም ሊሸጥልኝ መሆኑን የማውቀው በአፉ አይደለም፣ በትከሻው ነው። ሂሳብ አስተምረውኛል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ያበላኝ ግን ይሄ ነው።

ወላጆች ጠሉት። አንዱ አባት በር ድረስ መጥተው፣ ልጄን የላክሁት ፊደል እንዲቆጥር እንጂ አዝማሪ እንዲሆን አይደለም አሉት። ዲሬክተሩም ክፍለ ጊዜውን ነጥቆ ለሂሳብ ለመስጠት ሰበብ ብቻ ነበር የሚጠብቀው።

ሰበቡን እኔ ሰጠሁት። ዐቢይ ጾም ገብቷል። መምህሩ፣ ኖራ ይዤ እስክመለስ ማንም እንዳይመታ ብሎን ሄደ። እኔ መታሁ። እሩሩ ሜዳውን ሲያቋርጥ የነበረውን የዲሬክተሩን ቅልጥም አገኘው። ሰውየው እግሩን ይዞ ሲያነክስ፣ እኔ ጅሉ የገና ምሕረት ከቀኑ ሳይሆን ከዱላው ጋር የሚሄድ መስሎኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!" አልኩት። ሜዳው በሣቅ ፈረሰ።

"ገና በታኅሣሥ አልፏል" አለ ዲሬክተሩ፣ ጥርሱን ነክሶ። "በጾም ገና ምቱ ያላችሁ ማን ነው?"

"መምህር አለልኝ" አልኩ።

መምህሩ ኖራውን በባልዲ ይዞ ከኋላዬ ደርሶ ኖሯል። ፊቴን አላየም፤ ያየው ትከሻዬን ነው። ውሸቴን እዚያ አነበበና ባልዲውን መሬት አስቀምጦ፣ "አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኳቸው" አለ።

ዱላዎቹን ዲሬክተሩ ራሱ በጠፍር አስሮ ቆለፈባቸው። ረቡዕ ሂሳብ ሆነ። መምህር አለልኝን በሊበን በኩል ወዳለ ገጠር ወረወሩት፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውንም አልሰማሁ። ያን ዲሬክተር ዕድሜዬን ሙሉ ስረግመው ኖርኩ፤ ሌላውን መርገም ይቀላል።

የዛሬዎቹ የትምህርት ቤት ሰዎች ደግሞ የባሱ ናቸው። ያኛው ጠላቴ ቢያንስ ጨዋታን በስሙ ጠርቶ ከለከለ። እነዚህ ሰሌዳው ላይ ስፖርት ብለው ጽፈው፣ ሥነ ጥበብ ብለው ጽፈው፣ ልጆቹን አግዳሚ ወንበር ላይ ደርድረው የእጅ ኳስ ሜዳን ርዝመትና የቀለማትን ዓይነት ያስጽፏቸዋል። እግር ያለውን ልጅ አስቀምጦ ስለ እግር ማስጻፍ! ሴት ልጄ በስፖርት ከክፍሏ አንደኛ ናት፤ ከቤታችን እስከ ባጃጁ ድረስ ሮጣ ግን አታውቅም።

"ዱላዎቹንም ለማገዶ ይውሰዷቸው" አለኝ የአሁኑ ዲሬክተር፣ እንደ ምርቃት። አንዱን ብቻ መዝዤ ወሰድኩ፤ ዕቃ ቤቱን አልፈልግም አልኩት። አታመስግኑኝ። በማግስቱ ሌላ ነጋዴ በቆሎውን ደርድሮበታል።

ዱላውን ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ አየችውና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አውርጄ እጇ ላይ አስያዝኳት፤ እኛ እንዴት እንደምንጫወትበት፣ እሩሩ እንዴት እንደሚያፏጭ፣ ጊዜ ወስጄ፣ ደንበኛ አስቁሜ ነገርኳት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ እስክሪብቶ አወጣች።

"አባዬ፣ ይሄ ለፈተና ይመጣል?"