ሦስት ሰይፍና ስድስት ካርቶን ውኃ

በዚያ ሳምንት ወንድሜ መሞቱን በቤቱ ውስጥ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ቢያንስ ሁሉም እንደዚያ ያስቡ ነበር።

ጊዜው ከኮሮናው ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ሰው ለቅሶ ቤት መሄድ የማይፈራበት ጊዜ። ወሬው ከአዳማ የደረሰው ሰኞ ዕለት ነው። ልጄ ሰማች፤ ባሏ ሰማ፤ የዕድራችን ሰዎች ሰሙ፤ ዐሥራ ሰባት ዓመት የሞላት የልጅ ልጄም ሰማች። እኔ ግን መርዶውን ቅዳሜ ንጋት ላይ እንድረዳ ተወሰነ። ይህ ክፋት አይደለም፤ ሥርዓት ነው። መርዶ በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ ቤት ድረስ ተመጥቶ ነው የሚነገረው። ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ስለሆነ ሞትም ቅዳሜን ይጠብቃል። እኔ ራሴ ለስንቱ ቤት እንዲህ ስመክር ኖሬያለሁ። "እስከ ቅዳሜ ስልኩን ደብቁባት" ያልኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ያወቅሁት ረቡዕ ነው። የምኖረው ኢገን በምትባል ከተማ፣ ልጄ ቤት ነው። የልብስ ሳሙና ላመጣ ጋራዥ ገባሁና ስድስት ካርቶን ውኃ፣ የወረቀት ኩባያና ተጣጣፊ ወንበሮች በብርድ ልብስ ተሸፍነው አየሁ። ልደት የለ፣ ክርስትና የለ። ስልኬ ከሰኞ ጀምሮ ተበላሽቷል ተብሎ ልጄ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ወንድሜ ደግሞ ሦስት ዓመት ኩላሊቱን የታመመ ሰው ነው። ሌላ ማሰብ አላስፈለገኝም። ሳሙናውን ይዤ ተመለስኩና ልብሱን ማሽኑ ውስጥ ከተትኩ። ማሽኑ መዞር ሲጀምር የመጣብኝ ሐሳብ፣ እኔ ብሆን ካርቶኖቹን ጎረቤት ቤት አስቀምጥ ነበር የሚል ነው።

ማወቄን ለማንም አልተናገርኩም። ሰዎቹ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀዋል፤ ሽማግሌዎቹ ተመርጠዋል። እነሱን ማሳፈር አልፈለግሁም። ቅዳሜ ቅርብ ነው አልኩ።

ሐሙስ ዕለት ሴንት ፖል ውስጥ የጉልበት ሕክምና ቀጠሮ ነበረኝ። ልጄ ሥራ ስለነበረባት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ ልትወስደኝ ተነሣች። ስንወጣ እናቷ በሩ ላይ ይዛት በጆሮዋ አንድ ነገር ስትነግራት አየሁ። የልጅቷ ፊት አመድ መስሏል። የጠዋት እንቁላሏን አልነካችውም ነበር።

መኪና ውስጥ ቀበቶውን ስፈልግ ከመቀመጫው ሥር አንድ ካርድ አገኘሁ። ትልቅ ቀይ ልብ ተስሎበታል። ሦስት ሰይፎች ከላይ ወደ ታች ወግተውታል፤ ከኋላው ግራጫ ደመናና ዝናብ አለ። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መሰለኝ። መነጽሬን አድርጌ ደግሜ አየሁት።

"ይኼ ምንድነው?"

መሪውን ጨበጥ አደረገች። "ናቲንግ፣ እማማ። ካርድ ነው። ታሮት ይባላል።"

"ቁማር ነው?"

"ኖ! ሰዎች... እንትን... ጥያቄ ይጠይቁታል።"

"ጥንቆላ ነዋ።"

"እማማ!"

"አልተቆጣሁም። ልወቅ ብዬ ነው።"

እውነቴን ነበር። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ዛጎል የሚጥሉ ሴትዮ ነበሩ። እናቴ በደጃፋቸው እንዳላልፍ ትከለክለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከሚናገሩት ነገር ይልቅ ዛጎሉ እንዴት እንደሚወድቅ ማየት ነበር የምወደው።

"ይኸኛው ምን ይላል?"

"ባድ ካርድ ነው። ልብ ሲሰበር። ሐዘን።"

"ሌላ ምንም የለውም?"

ትንሽ አሰበች። "መጽሐፉ ላይ፣ ሕመሙን አትደብቂው፣ እዪው፣ ከዚያ ዝናቡ ያልፋል፣ እንደዚህ ነገር ነው የሚለው።"

ካርዱን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ወደ ሴንት ፖል የሚያስገባውን ድልድይ እየተሻገርን ነበር፤ ወንዙ ዳር ዳሩን በረዶ ይዞታል።

"ደም የለውም" አልኩ።

"ምኑ?"

"ልቡ። ሦስት ሰይፍ ገብቶበት አንድ ጠብታ ደም የለም። ሠዓሊው ረስቶት ነው? ወይስ ሰይፎቹ ስላልተነቀሉ ይሆን? በቢላ የተወጋ ሰው ደሙ የሚፈሰው ቢላው ሲነቀል ነው ይባላል።"

ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚባለው ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞን፣ የከተማው ባቡር እስኪያልፍ ቆምን። ቀና ስል ልጅቷ ታለቅሳለች። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እሷ አልነዳችም። ከኋላችን ጥሩምባ ተነፋ።

"ዳር ያዢ" አልኳት።

አንድ የጎማ መሸጫ ግቢ ገብታ አቆመች።

"ምን ሆነሻል?"

"መናገር አልችልም።"

"ከካርዱ ጋር የተያያዘ ነው?"

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። "እሑድ ለአንድ ሰው አወጣሁ። ለጨዋታ ነው፣ ጆክ ነው። ይኼ ወጣ። ከዚያ ሰኞ..." አፏን በጓንቷ ያዘች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ለታመመው ወንድሜ ካርድ አውጥታለታለች፤ ይህ ወጣ፤ በማግስቱ ሞቱ ተሰማ። እሷ ያመጣችበት መስሏታል። ለእናቷ እንዳትናገር የካርዱ ነገር ያስቆጣል። ለእኔ እንዳትናገር ገና አልተረዳሁም። አራት ቀን ሙሉ ብቻዋን ይዛዋለች።

ላጽናናት ብል ማወቄን መናገር ነበረብኝ፤ ከተናገርኩ ደግሞ ያ ሁሉ ዝግጅት ሊፈርስ ነው። ትንሽ አሰብኩ። ብዙ አይደለም።

"ወንድሜ ሲሞት ማን አጠገቡ ነበር?" አልኳት።

ዓይኗ ፈጠጠ። "ማን ነገረሽ? እኔ አልነገርኩሽም! እማማ ፕሊስ፣ ለእናቴ እሷ አልነገረችኝም በያት!"

"ውኃው ነው የነገረኝ።"

"የምን ውኃ?"

"ጋራዥ ያለው። ስድስት ካርቶን።"

እንባዋ ሳይቆም ሳቀች። "ብያት ነበር! ታየዋለች ብያት ነበር!" ከዚያ ጥያቄዬን አስታወሰች። "ልጆቹ ነበሩ። ሁሉም።"

"ጥሩ። አሁን ስሚኝ። ባለፈው ወር በስልክ 'እህቴ፣ ኩላሊቴ እኔን ትቶ ጡረታ ወጥቷል' ብሎኛል። ያን ጊዜ ካርድሽ ሳጥኑ ውስጥ ነበር።"

"ግን እኮ ወጣ።"

"በሙሉ ስንት ካርድ ነው?"

"ሰባ ስምንት።"

"መጥፎዎቹስ?"

በጣቷ መቁጠር ጀመረችና ተወችው። "ብዙ ናቸው።"

"እንግዲያው ለበሽተኛ ሰው ጥሩ ጥሩው ብቻ ቢወጣ ነበር የሚገርመኝ።"

አፍንጫዋን ጠረገች። "ለምን ዝም ብለው አይነግሩሽም? ይኼ እኮ ጭካኔ ነው" አለች።

"ወሬው አይለወጥም። የሚለወጠው፣ ስትሰሚው አጠገብሽ ያለው ሰው ብዛት ነው።"

"አንቺ ስታውቂ ማን ነበር?"

"የልብስ ማጠቢያው።"

እጇን እጅጌዬ ላይ አድርጋ ቆየች። እኔም አላነሣሁትም።

"ለእናትሽ እንዳትነግሪ" አልኳት። "ቅዳሜ እሰማለሁ።"

"ፌክ ልታደርጊ ነው?"

"ሲደርስ እናያለን።"

ክሊኒክ ዘግይተን ገባን። ነርሷ ከአንድ እስከ ዐሥር ሕመሜ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ሁልጊዜ አራት እላለሁ። የልጅ ልጄ እስከዚያ ቀን ድረስ የምላትን እንዳለ ነበር የምትተረጉመው። ያን ቀን አይታኝ ስታበቃ "ስድስት" አለቻት። አላረምኳትም።

ቅዳሜ በንጋት የበሩ ደወል ጮኸ። ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች የጫማቸውን በረዶ እያራገፉ ገቡ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ እርስዎም የሚያውቁት ሥርዓት ነው..." አሉ። ማስመሰሉ ያቅተኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። የወንድሜን ስም ሲጠሩ ግን ማስመሰል አላስፈለገኝም። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘውኝ ነበር። የልጅ ልጄ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ወደ እሷ አላየሁም። ቆይታ ከካርቶኑ አንድ ውኃ አውጥታ፣ ክዳኑን ከፍታ ሰጠችኝ።

ካርዱን አልመለስኩላትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። መነጽር ማስቀመጫዬ ውስጥ ነው። አንዳንዴ አወጣና አየዋለሁ። ስለ ደሙ የሚነግረኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ለቀስተኛው ከቀነሰ በኋላ ልጄ ወንበሮቹን እያጣጠፈች "ልጅቷ ታወጣዋለች ብዬ ነበር የምሰጋው። እንደ ትልቅ ሰው ያዘችው" አለችኝ።

"ጎበዝ ናት" አልኩ። "ውኃውን ግን ሌላ ጊዜ ጎረቤት ቤት አስቀምጪ።"

ወንበሩን በግማሽ እንዳጠፈችው ቆማ ቀረች።