አስኒማር ሞተር ስትመርጥ

አስኒማር ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሞተር ስትሄድ የኖረችው ከኋላ ተቀምጣ ነው። ከማኒንጃው ሐይቅ ዳር ተነስቶ፣ ገደሉን በአርባ አራት ኩርባ እየተጠማዘዘ ማቱር ገበያ የሚያወጣውን መንገድ ዐይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። የምታውቀው ግን በወገቧ ነው እንጂ በእጇ አይደለም። ባሏ ማስሪዛል ወደ ግራ ሲያጋድል እሷም ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያጋድል ወደ ቀኝ። ጭኗ ላይ ቅርጫት አለ። ቅርጫቱ ውስጥ ከጥፍር የማይበልጡ የሐይቁ ዓሦች በበርበሬ ተለውሰው፣ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፈውና ተጠብሰው፣ በሙዝ ቅጠል ተሸፍነዋል። በየገበያው ቀን ማቱር ትወጣና ትሸጣቸዋለች። ደንበኞቿ ገና በሩቁ የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ሳህናቸውን ያዘጋጃሉ።

ሞተሩ የማስሪዛል ነው። ጥቁር፣ ረጅም፣ ከባድ። ሚናንግ በሚባሉት በዚያ አገር ሰዎች ዘንድ ቤት የሴት ነው፤ ሴት ከእናቷ ትወርሰዋለች፣ ባል ደግሞ ሚስቱ ቤት ይገባል። ማስሪዛል ወደ አስኒማር እናት ቤት የገባ ዕለት አንድ ሻንጣ ልብስና ይህን ሞተር ይዞ ነው የመጣው። ሻንጣው ካለቀ ዘመን ሆኖታል። ሞተሩን ግን ሁለት ጊዜ ብትንትኑን አውጥቶ መልሶ ገጥሞታል። ቤቱም፣ የሩዝ ማሳውም፣ የዓሣ መረቡም የሚስቱ ወገን ንብረት ነው። «የእኔ» የሚለው ይህንኑ ሞተር ብቻ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ማለዳ፣ ቀርከሃ የተከመረበት ጋሪ መንገዱ ዳር ቆሞ ሳለ ማስሪዛል ቀጥ ብሎ ሄደበት። አስኒማር ትከሻውን ስትመታው በመጨረሻዋ ቅጽበት መሪውን አጠፈ፤ ሁለቱም ከነሞተራቸው ቦይ ውስጥ ገቡ። ሰው አልተጎዳም። ዓሣው ብቻ ጭቃ ላይ ተዘራ።

«አላየኸውም?» አለችው የራስ መሸፈኛዋን እያራገፈች።

«ሲደርስብኝ አየሁት» አለ።

ሐኪም ዘንድ ሄደው የተነገራቸው አጭር ነበር። የማስሪዛል ዐይን ከዳር ወደ መሐል እየጨለመ ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በየቀኑ የሚጨመር ጠብታ ያቆየዋል። ማስሪዛል እቤት ሲደርስ የሞተሩን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «መሐሉ ይታየኛል» አለ። «ልጅ ግን ከመሐል አይመጣም፤ ከዳር ነው ዘልሎ የሚገባው። ከእንግዲህ አልነዳም።» ከዚያ ተነስቶ ሐይቁ ዳር ወርዶ ተቀመጠ።

አስኒማር ለጥቂት ሳምንታት በሞተር ታክሲ ሄደች። ታክሲው አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል። ሲመጣም ሌላ ሰው ጭኖ ይመጣል። ማቱር ስትደርስ ሰው ቁርሱን ሌላ ዘንድ በልቶ ጨርሷል። አንድ ማታ ሩዝ እያቀረበች «እኔው እነዳለሁ» አለች።

ታላቅ ወንድሟ ዳርሊስ እራት ሊበላ መጥቶ ነበር። የእናት ወንድም በሚከበርበት፣ ወንድም በእህቱ ቤት በሚሰማበት አገር የእሱ ቃል የቤቱ ቃል ነው። የጎረሰው ሊያንቀው ደረሰ።

«አንቺ? ብስክሌት እንኳ መች ነድተሽ ታውቂያለሽ!»

«ብስክሌት ማን ገዛልኝና፣ ወንድም ጋሼ?»

ማስሪዛል ቀና ሳይል «የምትነጂ ከሆነ የኔን ንጂ» አለ። «ሌላ ሞተር እዚህ ቤት አይገባም።»

አስኒማር የልቡን አወቀችና እሺ አለች። በማግስቱ ማስሪዛል ሞተሩን እየገፋ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ወሰዳት። ጥቁሩ ሞተር ላይ ስትወጣ የአንድ እግሯ ጣት ብቻ ነው መሬት የነካው። በግራ እጇ ፍሪሲዮን ትይዛለች፣ በግራ እግሯ ማርሽ ታስገባለች፣ በቀኝ እጇ ቤንዚን ትሰጣለች፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ። ሞተሩ አንዴ ዘለለ፣ አንዴ ጠፋና ቀስ ብሎ እንደሚተኛ ጎሽ በጎኑ ወደቀባት። ማስሪዛል ድምፁን ሰምቶ ሮጦ መጣ። ደረሰና ሞተሩን አነሳ። አቆመው። መሪውን ዳበሰ።

አስኒማር አሁንም ሳሩ ላይ ናት፣ ቅልጥሟ ተልጧል። «ኡዳ» አለችው፤ በዚያ አገር ባልም ታላቅ ወንድምም እንዲህ ይጠራል። «እኔስ? እኔን ማን ያነሳኝ?»

«ቤንዚን እንዳይፈስብሽ ብዬ እኮ ነው።»

«መሪውንስ የዳበስከው ቤንዚን ፈሶበት ነው?»

ማስሪዛል እጇን ይዞ አነሳት። ሁለት ቀን ሙሉ ቅልጥሟን በዘይት እያሸ ስለ ሞተር አንዳች ቃል አልተነፈሰም።

ጎረቤቷ ሮስና ግን ዝም የምትል ሰው አልነበረችም። ሮስና ማርሽ የሌለው፣ ቤንዚን በመስጠት ብቻ የሚሄድ ትንሽ ሞተር አላት። «የወንድ ሞተር ትተሽ ነይ እዚህ» አለቻት። «ቁጭ በይ፣ ጠምዝዢ፣ ሂጂ። ለማቆም ፍሬን ያዢ። ከዚህ በላይ ዕውቀት የለውም።» እውነትም አልነበረውም። ሳምንት ሳይሞላ አስኒማር የሐይቁን ዳር ሜዳ ሜዳውን እስከ መስጊዱ ነድታ ትመለስ ጀመር። ነፋሱ ፊቷን ይመታታል። ፊቷን ነፋስ ሲመታት የመጀመሪያዋ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ነፋሱን የሚቀበለው የማስሪዛል ደረት ነበር። ልቧ ተሰረቀ። ልክ የሮስናን ዓይነት፣ ግን ቀይ፣ ብላ ቆረጠች።

ሞተር መሸጫው ሉቡክ ባሱንግ ከተማ ነው። ማስሪዛልን «እንሂድ» ስትለው «ምን ልሠራ? ቀለሙን ላይልሽ?» አለና ቀረ። ዳርሊስ ግን ምርጥ ሸሚዙን ለብሶ አብሯት ሄደ፤ ገብቶም ከሁሉ ትልቁ ሞተር አጠገብ ቆመ።

«ይሄ ነው ሞተር ማለት። ገና ከሩቅ ሰው መንገድ ይለቅልሻል።»

«ወንድም ጋሼ፣ የምሄደው መንገድ ላስለቅቅ ነው? ዓሣ ልሸጥ ነው እንጂ።»

ሻጩ ፀጉሩን በቅባት የለጠፈ ጨዋ ወጣት ነው። ቀዩን ማርሽ አልባ አወጣላት። «እናቴ፣ ይሄ ራሱ ነው የሚሄደው። እርስዎ መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ።» አስኒማር ተቀመጠች። ሁለቱም እግሮቿ መሬት ረገጡ። መቀመጫው ይመቻል፣ ቅርጫት ማስቀመጫ ቦታ ከፊቱ አለው፣ ቀለሙ የበሰለ ቃሪያ ይመስላል። እጇ መስተዋቱን መጥረግ ጀምሮ ነበር።

«አርባ አራቱን ኩርባ ይወጣል?» አለች።

«ይበራል እናቴ።»

«ሲወርድስ?»

ወጣቱ ፈገግ አለ። «ሲወርድማ ፍሬን አለዋ።»

አስኒማር እጇን ከመስተዋቱ አነሳች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ቁልቁለቱ መሐል ቆመው ያየቻቸው ጎብኚዎች ትዝ አሏት። የሚቃጠል ጎማ የሚመስል ሽታ፣ ከጎማው ፍሬን የሚወጣ ጭስ፣ ውሃ እያፈሰሱ የሚያቀዘቅዙ ልጆች። የሁሉም ሞተር እንዲህ ያለ ማርሽ አልባ ነበር። የማስሪዛል ሞተር ግን አንድም ቀን እንደዚያ ሸትቶ አያውቅም። ምክንያቱን ጠይቃው አታውቅም፤ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው አይጠይቅም።

«ዛሬ አልወስድም» አለች።

ዳርሊስ በመንገዱ ሁሉ አጉረመረመ። «ያን ሁሉ ቀን ቀይ ቀይ ስትይ ከርመሽ፣ ቀዩ ሲመጣ ተውሽው። ለዚህ ነው ሸሚዝ የተኮስኩት?»

ማታ አስኒማር ባሏን ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ጠየቀችው። «ኡዳ፣ አንተ ስትወርድ ፍሬንህ ለምንድን ነው የማይሸተው?»

ማስሪዛል የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ቁልፉን ካስቀመጠባት ቀን ጀምሮ ስለ መንዳት የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ስለ ዐይኑ ነበር የሚጠይቀው።

«በፍሬን ስለማልወርድ ነው» አለ። «በሁለተኛ ማርሽ የወጣሁትን በሁለተኛ ማርሽ እወርደዋለሁ። ማርሹ ዝቅ ሲል ሞተሩ ራሱ ወደኋላ ይይዝሻል። ፍሬን የምትነኪው ኩርባው አፍ ላይ ስትደርሺ ብቻ ነው። ነክተሽ ትለቂያለሽ። ያለ ማርሽ ግን ፍሬን ይዘሽ ነው ከላይ እስከ ታች የምትወርጂው። የሚወርዱበት አሉ፣ የለመዱ። ጀማሪ ግን...» ቃሉን ሳይጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው ማርሽ ያለው ልገዛ ነው?»

«ማርሽ ያለው፤ ፍሪሲዮን የሌለው። እግርሽ ብቻ የሚቀይረው። ዝቅ ያለ፣ ቀላል የሆነ።» ብርጭቆውን ዞር አደረገና «የኔ አይሆንሽም» አለ። «ሜዳው ላይ የወደቅሽ ቀን ነው ያወቅሁት። ለመናገር አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።»

አስኒማር ብርጭቆውን ሞላችለት።

በማግስቱ ሁለቱ ብቻ ሄዱ። ያው ወጣት ሻጭ የሚፈልጉትን ከሰማ በኋላ ከጓሮ አንድ ያገለገለ ሞተር እየገፋ አመጣ። ቀለሙን ስታይ አስኒማር ፊቷን አጨፈገገች። የተቀቀለ ጉበት ነው የሚመስለው።

«ምን ዓይነት ነው?» አለ ማስሪዛል።

«አስቀያሚ።»

«ጎማውንና ሰንሰለቱን ማለቴ ነው።»

ጎንበስ ብሎ ጎማውን ዳበሰ፣ ሰንሰለቱን ወደ ላይ ወደ ታች አነቃነቀ፣ የፊት ፍሬኑን አስይዞ ሞተሩን ገፋው። ከዚያ ተነሳና ወደኋላ አለ። «እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው። አሁን አንቺ ውጪበት። እግርሽ የሚልሽን ስሚ እንጂ እኔን አትስሚ።»

ወጣች። ሁለት ተረከዞቿ እኩል መሬት ያዙ። በጎን ስታጋድለው አልከበዳትም፤ መልሳ ስታቆመው ታዘዛት። ሻጩ ከሱቁ ኋላ ያለውን ሜዳ እንድትዞርበት ፈቀደላት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ እንደገና አንደኛ። ሁለቴ ጠፋባት፣ ሦስተኛው ላይ እየሳቀች ተመለሰች።

«ይሄው ነው» አለች ሄልሜቷን ሳታወልቅ። «ጉበትም ቢሆን የኔ ጉበት ነው።»

መንጃ ፈቃዱን በሁለተኛው ሙከራ አገኘች። በመጀመሪያው ፈተና ጠባቡ መስመር ላይ ስትዞር እግሯን አሳርፋ ነበርና ፈታኙ መለሳት። ከዚያ በኋላ ማስሪዛል በየማለዳው ሜዳው ዳር ቆሞ የሞተሩን ድምፅ እየሰማ «አሁን ቀይሪ... ቆየሽ... አሁን» እያለ አለማመዳት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብቻዋን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኩርባዎች ወጥታ ትመለሳለች።

የመጀመሪያው የገበያ ቀን ሲመጣ ማስሪዛል ቅርጫቱን ይዞ ከኋላዋ ተቀመጠ። ጎረቤት ሁሉ ደጅ ወጣ። ዳርሊስም በረንዳው ላይ ቆሞ «ቀስ ብላችሁ» አለ።

ሽቅቡን ሲጀምሩ ማስሪዛል አፉ ሥራ አላጣም። «ሁለተኛ አስገቢ። ሰፋ አድርገሽ ግቢ። ጥሩንባ ንፊ። ከላይ የሚመጣ መኪና አለ።» በእያንዳንዱ ኩርባ እንዲሁ። ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ዳር አጥር ላይ ሆነው ያዩዋቸዋል። አንዱ ሰፊ ኩርባ ላይ አስኒማር ዳር ይዛ ሞተሩን አጠፋች።

«ኡዳ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ከኋላህ ስቀመጥ አንድ ቃል ተናግሬህ አውቃለሁ?»

«ቃልማ አልተናገርሽም። ጎኔን ትቆነጥጪኝ ነበር እንጂ።»

አስኒማር ሳቋ አመለጣት። «አንተም ቆንጥጠኝ፤ አፍህን ግን ያዝልኝ። ሁለት ሰው አንድ መሪ አይዝም።»

ከዚያ በኋላ ዝም አለ። መጀመሪያ ላይ ሰውነቱ እንደ ግንድ ተገትሮ ነበርና ሞተሩ ይከብዳት ነበር። ቀስ በቀስ ላላ። እሷ ስታጋድል አብሮ ማጋደል ጀመረ። ማቱር ሲደርሱ ደንበኞቿ የአዲሱን ሞተር ድምፅ አያውቁትምና ማንም ሳህን አላዘጋጀም። ሄልሜቷን ስታወልቅ አንዲት አሮጊት «አንቺ ነሽ እንዴ የነዳሽው?» አለቻት። «ኋላ ያለው ማን ነው ታዲያ?»

«ረዳቴ ነው» አለች አስኒማር።

ዓሣው ከቀትር በፊት አለቀ።

መውረዱን ነበር የፈራችው። ሁለተኛ ማርሽ አስገባች፤ ሞተሩ አጉረመረመና ያዛት። በየኩርባው አፍ ፍሬኑን ነካ፣ ለቀቅ። ከታች የሚመጣውን ታሳልፋለች፣ ትዞራለች፣ ትቀጥላለች። ፍርሃቷ የትኛው ኩርባ ላይ እንደቀረ አታውቅም።

መሐል ላይ ማስሪዛል ጎኗን ቆነጠጣት። ቆመች።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። እዚህ ጋ ሐይቁ ይታያል፣ አይደል?»

«አዎ፣ ፊት ለፊትህ ነው።»

ከሞተሩ ወርዶ አጥሩ ጋ ቆመ። «ያን ሁሉ ዓመት ወርጃለሁ፣ ወጥቻለሁ፤ ዐይኔ መንገዱ ላይ ነበር። ከዚህ ሆኜ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።» ራሱን ቀስ እያለ ከግራ ወደ ቀኝ አዞረ፤ የቀረችውን ጠባብ የዐይኑን ብርሃን ውሃው ላይ እያሻገረ ሐይቁን እንደ ክር ተከተለው። አስኒማር አላቻኮለችውም።

«ጀልባ አለ» አለ በመጨረሻ። «አንድ ሰው ብቻውን እየቀዘፈ።»

አስኒማር ዐይኗን አጥብባ ፈለገች። ወዲያ ማዶ፣ ገደሉ ጥላውን ከጣለበት ሥር፣ እውነትም አንድ ጀልባ ነበር።

«አየሁት» አለችው። አጠገቡ ቆማ፣ ጀልባው ጥላውን ጨርሶ ወደ ብርሃኑ እስኪወጣ ድረስ አብራው ጠበቀች።