ባጅ የሚያነበው ደንበኛ

ታላቅ እህቱ "እንግዳው" ብላ የምትጠራው ያለ ነገር አይደለም። ቤት ሲገባ በር ላይ ቆም ብሎ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ የመብራቱን ማብሪያ ሳይቀር በዓይኑ ይዳስሳል። ወንበር ሲሰጡት በመዳፉ ጠረግ አድርጎ አቧራ እንደሌለው ካረጋገጠ በኋላ ነው የሚቀመጠው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አብሯት በሚኖርበት በእህቱ ቤት እንኳ ይህንኑ ያደርጋል። "ዛሬስ አለፍኩ ወይስ ወደቅኩ?" ትለዋለች ምሳውን እያቀረበች። እሱም ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው፤ በልቡ ነጥቧን ሰጥቷት ጨርሷልና።

ሥራው ስውር ደንበኛነት ነው። ሱቆችና ሆቴሎች ሠራተኞቻቸው ሰው እንዴት እንደሚያስተናግዱ ማወቅ ሲፈልጉ አንድ ድርጅት ይቀጥራሉ፤ ድርጅቱ ደግሞ እሱንና መሰሎቹን ገዢ አስመስሎ ይልካል። ድሮ የፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ በዚያ ዕድሜው ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ይህን ሥራ ያገኘውም ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ባለመኖሩ ነው። አስተባባሪው፣ ገና ጢሙ በደንብ ያልበቀለ ልጅ፣ "ጋሼ፣ እርስዎን አንዴ ያየ ሰው ሁለተኛ አያስታውስዎትም፤ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ነዎት" ብሎታል። ሌላው ቢሆን ይቀየም ነበር። እሱ፣ የዋሁ፣ እየተደሰተ ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ነገራት።

የሥራው አመል ግን አጥንቱ ድረስ ገባ። ሪፖርት ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንዳስተናገደው ስለሆነ፣ ዓይኑ ከሰው ፊት አስቀድሞ ደረት ላይ የተሰካውን የስም ባጅ ይፈልጋል። እውነተኛ ገዢ እንዲህ አያደርግም፤ ዕቃውን ያያል፣ ይከራከራል፣ ይሄዳል፤ የሻጯ ስም ምን ቢሆን ምን ግድ አለው? ሚስቱ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ሐኪሟ ከክፍሉ ወጥታ ፊቱ ስትቆም፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ባጇን አነበበ። መርዶውን የነገረችውን ሴት ስም ከነአባቷ ዛሬም ያስታውሰዋል፤ ፊቷን ግን አያውቀውም። ለዚህ ነገር ራሱን ይቅር ብሎ አያውቅም።

ያን ቀን የተላከው አንድ ጫማ ቤት ነበር። የሚጫወተውም የለመደውን ነው፤ ለልጅ ልጁ ጫማ የሚገዛ፣ ቁጥሩን በትክክል የማያውቅ፣ ሐሳቡን እየቀያየረ ሻጭ የሚያሰለች አያት። የልጅ ልጅ ይቅርና ልጅም የለውም። በኮቱ የውስጥ ኪስ ያለችውን ትንሽ ድምፅ መቅጃ ከፍቶ ገባ። ያለ ድምፁ ሪፖርቱ ተቀባይነት የለውም፤ የሱቁ አለቆች ራሳቸው ቁጭ ብለው ያዳምጡታል።

ሻጯ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ አለች። ዓይኑ ባጇ ላይ አረፈ። ቀና ሲል ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ እየጠፋ ነበር።

"ምን ልታዘዝ፣ ጋሼ?"

"ለልጅ ልጄ ጫማ ፈልጌ ነበር። ቁጥሩን እንኳ በደንብ አላውቀውም።"

"ዛሬም አያውቁትም?" አለችው። ድምጿ ቁጣ የለበትም። "ያኔም አያውቁትም ነበር፤ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሱቅ ሳለሁ። ልጁ አያድግም እንዴ?"

አስታወሳት፤ ማለትም ስሟን አስታወሰ። ደንበኛ አቁማ ስልክ ታወራለች ብሎ የጻፈባት፣ ጽፎም ያስባረራት እሷ ነበረች። የጻፈው እውነት ነው። እውነት ስለሆነም ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አስቧት አያውቅም።

ለእንዲህ ያለ ቀን የተሰጠው መመሪያ አጭር ነው፤ ቢጠረጥሩህ ካድ፣ ገዝተህ ውጣ፣ ከዚያ ለቢሮ አሳውቅ። መመሪያውን ያወጣው ሰው ግን ይህችን ሴት አላያትም። አሁን አፏን ከከፈተች የምትለው ሁሉ አለቆቿ ጆሮ ይገባል። እጁን ኪሱ ከቶ መቅጃዋን ማጥፋት ይችል ነበር። መሐል ላይ የጠፋ ድምፅ ግን ሥራውን ያሰርዛል፤ የተሰረዘበት ሰው ደግሞ ተመልሶ አይጠራም። እጁ ባለበት ቀረ።

"ከሌላ ሰው ጋር አመሳስለሽኝ ነው፣ እህቴ" አለ።

"እሺ፣ ሌላ ሰው ይሁኑ" አለችና ከመደርደሪያው አንድ የልጅ ጫማ አንስታ አጠገቡ በርከክ ብላ ማሰሪያውን ማላላት ጀመረች። "ያን ቀን በስልክ የማወራው ከልጄ ትምህርት ቤት ጋር ነበር። የሚጥል በሽታ አለበት፤ ወድቆ ራሱን ስቶ ነው የደወሉልኝ። ይህን የጠየቀኝ የለም። እዚህ ስቀጠር ልጅ የለኝም ብዬ ዋሸሁ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ እኔ ካልሲዬ ውስጥ ደብቄ እገባለሁ፤ መጋዘን እየገባሁ እደውላለሁ። ዛሬም ደውያለሁ።"

ዝም በይ ሊላት ፈለገ። ዝም በይ፣ ልጄ፣ ስለ ፈጣሪ ዝም በይ።

"ይሄ በጥቁር የለም?" አለ።

ቀና ብላ አየችው። "አለ" አለችው። "እንዳይጽፉብኝ እባክዎ አልልዎትም። ላምጣልዎ።"

ጥቁሩን ገዝቶ ወጣ፤ እግረኛ መንገዱ ዳር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መቅጃዋን ጆሮው ላይ አደረገ። የሷን ድምፅ ሰማ፤ ቀጥሎ የራሱን። "ይሄ በጥቁር የለም?" ይላል፤ ቅላጼው የተረጋጋ፣ ትሕትና የተሞላ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው። ሁሉንም አጠፋውና ለአስተባባሪው ደወለ።

"ባትሪው አለቀብኝ" አለው።

"ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ተነቅቶብዎታል እንዴ?"

"ኧረ አልተነቃብኝም።"

"በሉ እሺ" አለ ልጁ፣ እንደ ወትሮው በጨዋ ደንብ። "እኛ እንደውላለን።"

አልደወሉም። እሱም እንደማይደውሉ ያውቀዋል። ቤት ውስጥ ጥግ ይዞ መዋል ጀመረ። ወንበር ጠረግ ሳያደርግ መቀመጡን ያየች እህቱ ነገር እንዳለ ገብቷት ወጥራ ያዘችው፤ ተናዘዘላት። ስለ ሥራው አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

"ልጅቷስ?" አለችው። "ዛሬ ያባርሩኛል ነገ ያባርሩኛል እያለች እንቅልፍ አጥታ ይሆናል። ሄደህ አትነግራትም?"

ሄደ። ኮቱን ቤት ትቶ፣ በሸሚዝ ብቻ። መንገዱን ሙሉ ፊቷን እይ፣ ፊቷን እይ እያለ ለራሱ ተናገረ። በሩን ገፋ አደረገ፤ እሷም ዞረች፤ የተረገመ ዓይኑም ሄዶ ባጇ ላይ አረፈ።

አየችው። ወዲያው ቀጥ ብላ ቆመች። "እንኳን ደህና መጡ፣ ጋሼ። ምን ልታዘዝ?"

"ልጄ፣ ማንም አልላከኝም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሥራውን ትቻለሁ። አንቺም አትስጊ፣ ያልሽውን ሁሉ አጥፍቼዋለሁ።"

"ምኑን?"

"ድምፁን" አለ።

ይህን ሲል ነው የገባው። ይጽፍብኛል ብላ ሰግታ ይሆናል እንጂ ድምፄን ይቀዳል ብላ ጨርሶ አልጠረጠረችም። የማታውቀውን ፍርሃት ይዞላት መጣ። ዓይኗ ከፊቱ ወርዶ የደረት ኪሱ ላይ ተተከለ።

"ባዶ ነው፣ እይው" አለና ኪሱን ገለበጠላት። የሱሪውንም ገለበጠ። በሱቁ መሐል ኪሱ ሁሉ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ቆመ።

"ይቀመጡ፣ ጋሼ። የእግርዎ ቁጥር ስንት ነው?"

"የኔ ልጅ..."

"ደንበኞቻችንን ማስተናገድ ደስታችን ነው" አለች ጮክ ብላ፣ ለደረቱ።

ተቀመጠ። ሌላ ምን ያደርጋል? በርከክ ብላ አሮጌ ጫማውን ከእግሩ አወለቀችለት፣ አዲሱን አጠለቀችለት፣ ማሰሪያውን አሰረችለት። እየሠራችም ልጅ እንደሌላት፣ ስልክም ይዛ ገብታ እንደማታውቅ፣ ይህን ሥራዋን በጣም እንደምትወድ ጥርት ባለ ድምፅ ነገረችው። አንዴም ቀና ብላ ፊቱን አላየችም።

"ይመችዎታል፣ ጋሼ?"

ጫማው ጣቶቹን ጨምድዶ ይዟቸዋል። ይጠበኛል ቢል እንደ ሥራው ጨዋታ ትቆጥረዋለች፤ ሌላ ታመጣለች፤ እንደገና ትንበረከካለች።

"ይመቸኛል" አለ።