የሙሽራዋ አጎት ያረደው በሬ

ሰቆጣ ውስጥ ሠርግ ሲደገስ ሁለት ዳስ መጣሉ የኖረ ሥርዓት ነው፤ አንዱ ለክርስቲያኑ፣ አንዱ ለሙስሊሙ። ሁሉም የየራሱን እርድ ይበላል፤ በዚህ የተቀየመ ሰው አይቼ አላውቅም። ባለፈው ጥር ግን፣ በጎረቤቴ ልጅ ሠርግ ዋዜማ፣ ዳስ የሌለው ሦስተኛ ወገን ሲፈጠር በዐይኔ አየሁ።

የሙሽራዋ እናት አንድ ታናሽ ወንድም አላት። ደሃና ወረዳ ይኖራል፤ ከብዙ ዓመታት በፊት ከቤተ ክርስቲያናችን ወጥቶ ፕሮቴስታንት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የእኅቱን ደጅ ረግጦ አያውቅም ነበር። ለልጇ ሠርግ ግን ራሱ ያሳደገውን በሬ እየነዳ መጣ። በዚያ ቤት ልማድ የሠርጉን በሬ የሚባርከው የሙሽራዋ እናት ወንድም ነውና፣ ቅዳሜ ጠዋት ቢላዋውን ይዞ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አረደ።

እኔ የደረስሁት ቆዳው ተገፎ ካለቀ በኋላ ነው። ወጥ ሠሪዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል።

«ምን ሆናችኋል?» አልኋቸው።

«የኔታ፣ ማን እንደባረከው አልሰሙም እንዴ?» አለች አንዲቱ። «የጴንጤ እርድ አንነካም።»

«ታዲያ ይጣል?»

«ምን ሲባል ይጣላል! ወደዚያኛው ዳስ ይሂዳ። እስላሞቹ ይብሉት።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሴትየዋ ወደ ሙስሊሞቹ ዳስ ዞረች። እዚያ፣ የእንግዶቻቸውን በግ ለማረድ የመጡ ባለሱቅ ጎረቤታችን ቆመው ነበር።

«ሐጂ፣ በሬ ተመርቆልዎታል፤ ይውሰዱት!» አለቻቸው።

«የትኛው በሬ?»

«የሙሽራዋ አጎት ያረደው ነዋ፤ ጴንጤው።»

«አስተግፊሩላህ! የክርስቲያን እርድ ልታበዪኝ ነው? በስመ አብ ብሎ ሲያርድ እዚሁ ቆሜ ሰምቼዋለሁ እኮ።»

«እሱ ክርስቲያን አይደለም!»

«ታዲያ ምንድን ነው? የእኛማ አይደለም፤ መስጊድ አይቼው አላውቅም።»

ጥቂቶች ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሙስሊሙ ጎረቤታችን የሥላሴን ስም ሰምተው «የክርስቲያን ነው» አሉ፤ ያንኑ ስም ጧት ማታ የምንጠራው እኛ «አይደለም» አልን። ዕድሜዬን በጉባኤ ቤት ስኖር፣ ስማርም ሳስተምርም፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። በቁርባን አንድ እንዳልሆንን እኔም አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል። ያን ልዩነት ዛሬም አላቃልለውም። ነገር ግን የአብ፣ የወልድና የመንፈስ ቅዱስ ስም የተጠራበትን ማዕድ ርኩስ ማለት፣ ሰውየውን ብቻ መስደብ አልነበረም። ስሙንም መድፈር ነበር።

ወንድምየው ሁሉን ሰምቷል። ቢላዋውን ጠርጎ አፎቱ ውስጥ ከተተና ጋቢውን ከዳሱ ምሰሶ ላይ አወረደ። እኅቱ በሩ ላይ ቆመችበት።

«አሁን ከወጣህ አትመለስም፤ አውቅሃለሁ።»

«ምን ላድርግ እትዬ? በሬውም እኔም ዳስ አጣን።»

«ጉበቱን አምጡልኝ» አልሁ። የተንቀሳቀሰ የለም። ራሴ ሄጄ ቆረጥሁ፤ አማትቤ ጎረስሁ።

«የኔታ አረጁ መሰለኝ» አለች ያችው ሴት፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሌላዋም ተከተለቻት። የቀሩት እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዲቱ ቢላዋዋን አነሣች።

«ሐጂ፣ እኛው ልንበላው ነው!» አልኋቸው።

«ገላገሉኝ!» አሉ ከዚያኛው ዳስ።

እኅቱ ጋቢውን ከትከሻው ላይ ነጠቀችው። «ቆመህ ምን ታየኛለህ? ብልቱን አውጣ እንጂ፤ ሰው ሊመጣብን ነው!» አለችው።